በንጉሡ ሠ የተጻፉ ዕቃዎች

ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ስቀጠር ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለምንኖር ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። የባቡሩ መሥመር ገና እየተቆፈረ ነበርና መንገዱ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ትናንት ያለፍኩበት ቦታ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቀኛል። ጫማዬን አቧራ አልብሼ ቢሮ እደርስና በር ላይ ጠርጌው እገባለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ንጹሕ ሆኖ መታየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

የተሰጠኝ ሥራ የመሥሪያ ቤቱን መሣሪያዎች በሙሉ ወደ አንድ ዳታቤዝ ማስገባት ነው። እስከዚያ ድረስ የትኛው ሰርቨር የት እንደተሰካ፣ የትኛው ባትሪ የትኛውን ማሽን ደግፎ እንደያዘ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ። ሰው ሲታመም ወይም ሥራ ሲለቅ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ዳታቤዝ ይህን እንዲያስቀር ታስቦ ነበር የመጣው። ዝርዝሩ ከየክፍሉና ከየቅርንጫፉ በኤክሴል ይላክልኛል። መጀመሪያ አንድ የማረፊያ ሰንጠረዥ ላይ አራግፈዋለሁ፤ ከዚያ እኔ የጻፍኩት ደንብ እያንዳንዱን መሥመር አንብቦ ወደየምድቡ ይመራዋል። “ዓይነት” የሚለው ዓምድ ላይ ሰርቨር ተብሎ ከተጻፈ ወደ ሰርቨር ምድብ፣ ፕሪንተር ከሆነ ወደ ፕሪንተር ምድብ። ምድቦቹ ልዩ ልዩ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት። ባትሪን መቼ ተለወጥክ ይሉታል፤ ሰርቨርን ምን ተሸክመሃል ይሉታል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ቦታውን ከሳተ ያለ ቢሆንም እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን ሥልጠናው ላይ ነግረውናል፤ እኔም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር።

የኮምፒውተሮቹን ዝርዝር ቅርንጫፎቹ ራሳቸው ላኩ። የኔትወርክ ዕቃዎችና ባትሪዎች ግን የሚታወቁት ከምድር ቤቱ ስቶር ነበር፤ በየጊዜው ወደየቅርንጫፉ የወጡት በአንድ ሰው እጅ ነውና።

እኚህ ሰው ስቶር ኪፐሩ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያደጉ፣ ግራጫ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚውሉ፣ ቀጭን ሙስሊም አዛውንት ነበሩ። ትልቅ ትንሹ “ጋሼ” ነው የሚላቸው። ስቶራቸው ውስጥ ዕቃ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ምን እንደሆነ ያላወቁት ነገር ከመጣ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፤ እስኪያውቁት ድረስ ጠረጴዛቸው ፊት መሬት ላይ ይቆያል፤ የገባ የወጣውን ሁሉ ይጠይቁበታል። አንድ ጊዜ ከእግሬ ሥር አንድ ጥቁር ሣጥን አይቼ ለምን እንዳላነሱት ብጠይቃቸው፣ ስሙን ሳያውቁ ቦታ ከሰጡት ሲፈለግ ማን ብለው እንደሚጠሩት መልሰው ጠየቁኝ።

ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ የሚጽፍላቸው ሰው ልመድብላቸው ብል እምቢ አሉ። ራሳቸው በሁለት ጣታቸው፣ በአማርኛ፣ አንድ ወር ያህል ፈጅተው ጻፉት። ምሳ ሰዓት ላይ ስወርድ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊደል ሲፈልጉ አገኛቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ያስተማሯቸው የአማርኛ መምህር በፊደል ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ ሰው እንደነበሩ ነግረውኛል። ማሠራጫ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው እንጂ በእሳቱ ሰ አይደለም፤ ኃይልም በብዙኃኑ ኀ ነው። እኔ እየሳቅሁ ድምፁ ያው አይደለም ወይ አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። የቃሉ ዘር በፊደሉ እንደሚታወቅ አስረዱኝ፤ እኔም በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

ፋይላቸው ሲደርሰኝ አንድም የተዛነፈ ነገር አልነበረበትም። ስዊቹን “የኔትወርክ ማሠራጫ”፣ ዩፒኤሱን “የኃይል ማጠራቀሚያ” ብለው ነው የጻፉት። እኔም ደንቤ ላይ ሁለት መሥመር ጨመርኩ። “የኔትወርክ ማሰራጫ” የሚል ካገኘህ ወደ ስዊች ምድብ፤ “የሀይል ማጠራቀሚያ” የሚል ካገኘህ ወደ ዩፒኤስ ምድብ። እኔ እንደለመድኩት፣ በእሳቱ ሰ እና በሃሌታው ሀ ነው የጻፍኩት። ለኮምፒውተር ደግሞ ሠ እና ሰ እንደ ድንጋይና እንደ ውሃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሳደርግ ስክሪኑ ላይ ብዙ ቀይ መሥመር ወጣ። ደንቡ ያላወቃቸው መሥመሮች ናቸው። ከጋሼ ዝርዝር ብቻ አርባ ሦስት ነበሩ። በማግስቱ አለቃዬ ሥራውን ለዳይሬክተሮቹ ያሳያል። እሱም ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ አንተ በሉኝ የሚል ወጣት ነበር፤ መጥቶ ቀዩ ምንድን ነው ሲለኝ ይጠራል አልኩት። ያን ቀን አንድ በአንድ ከፍቼ ባያቸው ኖሮ ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅብኝም ነበር። እኔ ግን አንድ ሦስተኛ መሥመር ጨመርኩ። የማታውቀውን ሁሉ “ልዩ ልዩ” ወደሚለው ምድብ ምራው አልኩት። እንደገና ሳስኬደው አንድም ቀይ አልነበረም። ዳይሬክተሮቹ አጨበጨቡ፤ አለቃዬ እኔን ከመቀመጫዬ አስነሥቶ አመሰገነኝ። ልዩ ልዩውን በኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አልተመለስኩበትም። ሌላ ሥራ መጣ፤ ከዚያም ሌላ።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ ኦዲት መጣ። የኦዲት ሰዎቹ ከእኛ ዳታቤዝ ሪፖርት አወጡ፤ ሪፖርቱ የሚያሳየው ስም ያላቸውን ምድቦች ብቻ ነው፤ ልዩ ልዩ አይወጣበትም። ከድሮው የግዢ ሰነድ ጋር ሲያመሳክሩት አርባ ሦስት ማሠራጫና የኃይል ማጠራቀሚያ የትም የለም። ሁሉም በአንድ እጅ የወጡ ናቸው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሼ ዕቃው በየቅርንጫፉ እንዳለ፣ የተረከቡት ሰዎች ፊርማ በእጃቸው እንደሚገኝ ተናገሩ፤ ሄዳችሁ እዩ አሏቸው። ቅርንጫፎቹ ያሉት ክፍለ አገር ነው። ኮሚቴው ፊርማ ሊፈበረክ ይችላል፤ ሲስተሙ ግን አይዋሽም አለ። ሲስተሙ አይዋሽም የሚለውን ቃል ከእኛ ክፍል ነበር የሰሙት።

የስቶሩን ቁልፍ ያስረከቡ ቀን እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ቁልፎቹ በአንድ ትልቅ ቀለበት ላይ ነበሩ። ኮሚቴው ቀለበቱን እንዳለ ሊወስድ ሲል፣ ጋሼ አንድ ደቂቃ ብለው የቤታቸውን ቁልፍ ከመካከል ፈልገው ለማውጣት ሞከሩ። ቀለበቱ ጠንክሮ አልወጣ አላቸው። በመጨረሻ ከኮሚቴው አንዱ ተቀብሎ አወጣላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓታቸውን ፈርመው አንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ክሊራንስ ስላልተሰጣቸው የጡረታ ጉዳያቸውም ቆመ።

የማፍርበትን ነገር መጻፍ ካለብኝ ይሄ ነው፦ እኔም ተጠራጠርኳቸው። ካፍቴሪያ ውስጥ “ዝምተኛ ሰው አይታመንም” ሲባል ሰምቼ ራሴን ነቀነቅሁ። የጻፍኩት ደንብ አንድ ጊዜም ትዝ አላለኝም። በእኔ ስክሪን ላይ ሁሉ ነገር ንጹሕ ነበራ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋሼ ወደ እኛ ፎቅ መጡ። ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አይቷቸው መልሶ ወደ ሥራው አቀረቀረ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

“ልጄ፣ ይሄ ማሽን የማያውቀው ዕቃ ሲመጣበት የት ነው የሚያስቀምጠው?”

ጥያቄው የስቶር ሰው ጥያቄ ነው። ሌላ ማንም አልጠየቀኝም፤ ኮሚቴውም ቢሆን። ሦስተኛዋ መሥመሬ ያኔ ትዝ አለችኝ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

“አይቼ ልንገርዎት ጋሼ” አልኳቸው።

“እዪልኝ። አላህ ይስጥልኝ” ብለው ወጡ።

ልዩ ልዩ የሚለውን ምድብ ከፈትኩት። አርባ ሦስቱም እዚያ ናቸው። የኔትወርክ ማሠራጫ፣ ደሴ። የኃይል ማጠራቀሚያ፣ ሆሳዕና። የኔትወርክ ማሠራጫ፣ ነቀምቴ። በአንድ ወር በሁለት ጣት የተጻፉት፣ ተራ ቁጥራቸው ሳይቀር፣ ማንም ሳይነካቸው ተቀምጠዋል። ለምን እንደወደቁ ለመረዳት የእሳቸውንና የእኔን ቃል አንዱን ከአንዱ በላይ አድርጌ ጻፍኳቸው፤ ያኔ ፊደሉን አየሁት። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ። ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ፤ አላለቀስኩም። ፈርቼ ነበር።

ለአለቃዬ የነገርኩት በማግስቱ ጠዋት ነው። አንድ ቀን አሳድሬዋለሁ ማለት ነው። በሩን ዘግቶ ሰማኝ። ከሰማኝ በኋላ ደንቡን እንዳስተካክል፣ መሥመሮቹን ወደየምድባቸው እንድመራቸው፣ ከዚያ አዲስ ሪፖርት ለኮሚቴው እንደሚላክ ነገረኝ። “መረጃው ተሟልቷል እንላለን” አለኝ፤ “ሰውዬው ነፃ ይወጣል፤ አንቺም አትጎጂም፤ ሲስተሙም ስሙ አይጠፋም።” የሚያሳምን ሆኖ አገኘሁት። ማሳመኑን ስለፈለግሁት ይሆናል። ደንቡን አስተካከልኩ። ሰ እና ሠን፣ ሀ እና ሐ እና ኀን እንደ አንድ እንዲያይ አደረግሁት፤ አርባ ሦስቱ ዕቃዎች በደቂቃ ውስጥ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጋሼ ዘንድ ወርጄም ዕቃው ተገኝቷል አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው “አልሐምዱሊላህ” አሉ። የት ነበር ብለው ሲጠይቁኝ “ሲስተሙ ውስጥ” ብዬ ቶሎ ተመለስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ካፍቴሪያው ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ሲጨንቃቸው መለሱት ተባለ። የጠፋ ዕቃ በአንድ ጀንበር እንዴት ይገኛል? ማን ያውቃል፣ ለየትኛው ነጋዴ ሰጥተውት ነበር? መርካቶ ቅርብ ነው፤ ሰፈራቸውም እዚያው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው የበሉ ሰዎች ናቸው ይህን የሚሉት። ኮሚቴው የጻፈው ደብዳቤ ደግሞ “ንብረቱ በአሁኑ ጊዜ መገኘቱ ተረጋግጧል” የሚል ነበር። “በአሁኑ ጊዜ” ከሚለው ሐረግ ሥር ጋሼ በእርሳስ አሥምረው፣ ደብዳቤው ባዶው ክፍላቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አየሁት።

ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ሁሉን ነገርኳት። ነገሩ ደብዝዞ እንዲታያት ቴክኒካዊ ቃላት ለመደርደር ሞክሬ ነበር። እናቴ ግን ቤት ውስጥ እንዳለ ነገር አድርጋ ተረዳችው። ቁጣም አላሰማችኝም። እያጠፈች የነበረውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

“የሰው ስም በአደባባይ ጠፍቶ በጓዳ አይመለስም። በጠፋበት ቦታ ነው የሚመለሰው።”

ሥራ ያስለቅቁኝ ይሆናል አልኳት። እሷም ይሆናል አለችኝ። መልሳ ልብሱን ማጠፍ ጀመረች።

በማግስቱ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለኮሚቴው ነው፤ ግልባጩ ለማኔጅመንቱ፣ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለራሳቸው ለጋሼ። ዕቃዎቹ አንድም ቀን ጠፍተው እንደማያውቁ፣ ስቶር ኪፐሩ በላኩት ዝርዝር ውስጥ በትክክል ተመዝግበው እንደነበር፣ ደንቡን በተሳሳተ ፊደል የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያልታወቁትን መሥመሮች ማየት ሲገባኝ ስክሪኑ እንዲያምር ብዬ የማይታይ ምድብ ውስጥ የወረወርኳቸው እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። “ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው” ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ ስሙን ስላላነሣሁ አመሰገነኝም፣ ተቆጣኝም። ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ሁለቱን ቃላት ነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ሰብሳቢው ሠ የሚለውን ፊደል በጣታቸው ጠቁመው፣ “እና በዚህች ብቻ?” አሉ። አዎ፣ በዚህችና በእኔ ችኮላ አልኳቸው።

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከዳታቤዙ ሥራም ተነሥቼ የስልክ ድጋፍ ላይ ተመደብኩ። ለጋሼ “በአሁኑ ጊዜ” የሌለበት አዲስ ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ ክሊራንሳቸውም ተለቀቀ። ሠራተኛው ለስንብት ሊሸኛቸው ሲሰናዳ ግን እሳቸው አልመጡም። የመጨረሻ ቀናቸውን ጠዋት ፈርመው፣ ጋዋናቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ ትተው ሄደዋል።

ከወር በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ተክለ ሃይማኖትን አልፎ ወደ መርካቶ ሲኬድ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ማን እንደሆንኩ አያውቁምና የልጅ ያህል ስመው አስገቡኝ። ጋሼ ከቀትሩ የዙህር ሶላት ሲመለሱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ግማሹ ላይ ስደርስ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

“በአንቺ አላዘንኩም። አንቺ ስሕተትሽን ጽፈሽ ፈርመሻል” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “ያሳዘኑኝ እኔን የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው። ማሽኑማ አያውቀኝም” አሉ።

ምሳ በልቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ስልክ እደውልላቸው፣ በበዓል በበዓላቸው እጠይቃቸው ነበር። ያልነገሩኝን አንድ ነገር የሰማሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ነው። ጋሼ የእኔን ደብዳቤ በብዙ ኮፒ አስነሥተው፣ አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይይዙ ነበር። የድሮ ሠራተኛ መንገድ ላይ ሲያገኙ ሰላም ይላሉ፤ ቤተሰብ ይጠይቃሉ፤ ሲለያዩ አንዱን ኮፒ አውጥተው ይሰጡታል። ስለ ደብዳቤው ምንም አይናገሩም። ካፍቴሪያው ውስጥ እየተሳሳቁ የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከኪሳቸው አውጥተው ሲያሳዩኝ ግን ማንም አልሳቀም። ወረቀቱ ላይ ፊርማዬ ከኮፒ ብዛት ቀጥኖ ነበር።

ጋሼ ያረፉት ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ነው፤ በአጭር ሕመም። ስሰማ ቀብሩ አልፎ ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ ልቅሶ ቤት ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተቀምጠዋል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሁለት ሦስት ሰዎችም በመካከላቸው አየሁ። እኔ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ገብቼ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ሲያዩኝ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከቆየን በኋላ ከትራሳቸው ሥር አንድ ፖስታ አወጡ። ውስጡ የቀሩት ኮፒዎች ናቸው፤ አሥር አሥራ አምስት ይሆናሉ።

“ይሄን ከኪሱ አይለየውም ነበር” አሉኝ። “እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ቀን አንብብልኝ ብለው፣ አንቺ ታውቂኝ የለ እንዴ፣ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል አለኝ። ምን ይላል ልጄ? አንብቢልኝ።”

የጻፈችው ሴት እኔ መሆኔን አያውቁም ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ፤ ጎረቤት ይሁኑ ዘመድ አላውቅም። እናንብብልዎ የሚል ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብዬ ዘረጋሁት።

ከቀኑ ጀመርኩ። የኮሚቴውን አድራሻ አነበብኩ። ዕቃዎቹ አንድም ቀን ጠፍተው አያውቁም የሚለው ላይ ስደርስ ባለቤታቸው “እንዴታ” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ማሠራጫ የሚለውን ቃል፣ ኃይል የሚለውን ቃል እንዳለ አነበብኩ። ቀስ እያልኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ከዚያ ስሜን አነበብኩ፤ ቀና ብዬም “እኔ ነኝ፣ እትዬ” አልኳቸው።

እጄን መልሰው ያዙ። ከመጀመሪያው እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አሁን ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ውጭ ያሉትም ይስሙ አሉኝ። አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ ድንኳኑ የሚያወጣውን በር ከፈተችው። እኔም ከቀኑ ጀመርኩ።